ሃምሳ አራት ኢንች

ዊልፍ ጋራት ባለፈው መስከረም ከቦዩ ድልድይ ቁልቁል ሲወርድ ከብስክሌቱ ላይ በአናቱ ተወርውሮ የትከሻ አጥንቱን ሰበረ። ለሐኪሙም፣ ለብስክሌት ክበቡም፣ ለጎረቤቱም የሰጠው ቃል አንድ ነበር፦ «ቀበሮ ገባብኝ።» የገና በዓል ሲደርስ ቀበሮዋ ሁለት ሆነች። የካቲት ላይ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲያወራው ሚስቱ ሞይራ በጆሮዋ ሰማች፤ ከሁለቱ አንዷ እርጉዝ ሆናለች፣ ዊልፍም እሷን ለማትረፍ ሲል ሆን ብሎ ነው የወደቀው።

ሞይራ የሎሚ ጭማቂዋን ጠጣች። ቀበሮ አልነበረም። እሷ ድልድዩ ግርጌ ፔርሙዝ ይዛ ቆማ ስታየው ነበር። የነበረው እግር ነው፤ ያጠረ እግር።

እነ ዊልፍ የሚጋልቡት ብስክሌት ከፊቱ ሰው የሚያህል፣ ከኋላው የድስት ክዳን የሚያህል ጎማ ያለው፣ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት እዚያው በሚኖሩባት በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዓይነት ነው። ሰንሰለት የለውም። ፔዳሉ ትልቁ ጎማ እምብርት ላይ ተተክሏል፤ ጎማው ሲዞር ፔዳሉ ይዞራል፣ ጋላቢውም ወደደም ጠላም እግሩ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ የጎማውን ትልቅነት የሚወስነው የእግር ርዝመት ነው። ሃምሳ ኢንች፣ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ አራት። ወንዶቹ ቁጥራቸውን ሲናገሩ ድምፃቸው እንዴት እንደሚጎረንን የሰማ ሰው የሚወራው ስለ ጎማ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ዊልፍ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሃምሳ አራት ነበር።

አሁን ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ጉልበቶቹ እንደ ቅንፍ ወደ ውጭ ጎብጠዋል፤ የቀኝ ዳሌው ብረት ነው። ሱሪውን የምታሳጥርለት ሞይራ ናት። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳጥራለታለች፤ ሦስተኛው እየመጣ ነው። ያለፉትን አራት ዓመታት ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ የእግሩ ጣት ብቻ እየነካው፣ ቂጡን ኮርቻው ላይ ግራና ቀኝ እያንሸራተተ ነበር የሚጋልበው፤ ከኋላ ለሚያየው ሰው ሽንት ቤት የሚፈልግ ይመስል ነበር። ድልድዩ ላይ ያ ጣትም ሳተ።

ክበቡ በየዓመቱ በግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ ከተማውን ይዞራል። ሰልፉ በጎማ ቁጥር ነው፤ ትልቁ ከፊት፣ ትንሹ ከኋላ። እያንዳንዱ ጋላቢ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ይቀመጥና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ በተናገረው ይሰለፋል። የሚለካ የለም። የሌላን ሰው ጎማ በሜትር መንካት የሌላን ሰው ሚስት ከመንካት ይከፋል። ሚስት የነካ አንድ ሰው ነበር፤ እሱ እስካሁን አባል ነው።

አደጋው የዊልፍን ጎማም፣ ጎማውን የሚይዘውን የብረት ሹካም ጨራርሶ ስለጣለው፣ አዲስ ሠርቶ ለግንቦት ካልደረሰ ከፊት የሚሄደው ባለ ሃምሳ ሁለቱ በርናርድ ነው። ዊልፍ ይህን ከማየት ሁለተኛውንም ትከሻውን ቢሰብሩት ይመርጣል። ሠርቶ ከደረሰና እንደ ድሮው ሃምሳ አራት ላይ ከወጣ ደግሞ፣ የሚቀጥለው ቀበሮ እንደሚገድለው ሞይራ አልተጠራጠረችም። እሷ መበለት የመሆን ዕቅድ አልነበራትም፤ ወጥ ቤቱ ገና አልተቀባም።

«ሃምሳ አንድ ብትሠራውስ?» አለችው አንድ ቀን ቁርስ ላይ።

ዊልፍ ሹካውን አስቀመጠ። «ሃምሳ አንድ የሚጋልቡት ቄሶች ናቸው።»

«ቄስ መቼ ሲወድቅ አየህ?»

«የሚወድቅበት ከፍታ የለውማ!» አለና እንቁላሉን በንዴት ጨረሰው።

ጓሮ ያለው የሥራ ክፍል ስለሚያፈስ ሥራው ምግብ ክፍል ገባ። ብረት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ የምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተጠመደ። ሞይራ የእናቷን የሸክላ ሳህኖች ወደ መኝታ ቤት አሻግራ አልጋ ሥር አስቀመጠቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ዊልፍ በተገላበጠ ቁጥር ሳህኖቹ ይንጫጩ ነበር።

መጀመሪያ የሚሠራው ቸርኬው ነው፤ ማለትም የጎማው ክብ ብረት። ረጅሙ የብረት ዘንግ ቀጥ እንዳለ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ከዚያ ዊልፍ ራሱ በሠራው መጠቅለያ እየታጠፈ ክብ ይሆናል፣ ጫፍና ጫፉም በነሐስ ይበየዳል። ለሃምሳ አራት የሚያስፈልገው መቶ ስልሳ ዘጠኝ ኢንች ተኩል ነው። ይህን የሚያህል ብረት የሚዘረጋበት ቦታ ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ከወጥ ቤቱ እስከ ውጭው በር ያለው ኮሪደር።

ዊልፍ አርባ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ መሣሪያ ሠሪ ነበር። መሣሪያ ሠሪዎች የፀጉርን ውፍረት አሥር ቦታ የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው፤ የሜትርን ጫፍም አያምኑም። ጫፉ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ትወዛወዛለች፤ ስለዚህ ከዜሮ አይጀምሩም። አሥር ኢንች ላይ ይይዙና ማዶው ላይ አሥር ይደምራሉ። ዊልፍ መጋረጃ እንኳ ሲለካ እንደዚያ ነው።

ሞይራ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተንበርክካ ሜትሩን ያዘች። ዊልፍ ውጭው በር ሥር በሆዱ ተኛ።

«አሥር ላይ ያዥ!»

«ይዣለሁ።»

«አሥር ላይ ነው?»

«አሥር ላይ ነው ዊልፍ፤ ቶሎ በል፣ ጉልበቴ አለቀ።»

«አታውሪ። ሲለካ አይወራም።»

«አንተ ጠየቅኸኝ እኮ።»

«አታውሪ!»

ዊልፍ ጠመኔውን ከጆሮው ላይ አውርዶ አነጣጠረ። በዚህ መሀል የበሩ የፖስታ ቀዳዳ ተከፈተና ሁለት ደብዳቤ፣ አንድ የፒዛ ማስታወቂያና አንድ የመስማት መርጃ ማስታወቂያ አናቱ ላይ ወረደበት። ዊልፍ ተሳደበ። ፖስታ አመላላሿ ከውጭ «ደህና አደሩ!» አለችው። እሱም «ደህና አደርሽ» ብሎ፣ ማስታወቂያውን ከራሰ በራው ላይ አንስቶ፣ «መቶ ስልሳ ዘጠኝ ተኩል» እያለ ምልክቱን አሰመረ።

ሞይራ አሥሩን እስኪደምር ጠበቀች። አልደመረም። መጋዙን አነሣ።

«ዊልፍ፣» አለች።

«ሞይራ! በእግዚአብሔር ስም! አታውሪ አልኩ!»

በእግዚአብሔር ስም ስለተጠየቀች አላወራችም። መጋዙ እየጮኸ ብረቱን ሲበላ፣ የመስማት መርጃውን ማስታወቂያ ከወለሉ አንስታ ጀርባው ላይ በእርሳስ አሰላች። አሥር የጎደለው መቶ ስልሳ ዘጠኝ ተኩል፣ በክብ ስሌት፣ በሦስት ከምናምን ሲከፈል፣ ሃምሳ አንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ደግማ አሰላች፤ ያው ነው። ሞይራ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ናት፤ በየእሁዱ ትጸልያለች። ጸሎቷ እስከ ኢንቹ ተቆጥሮ ሲመለስላት ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ የመጋረጃ ጨርቆች ውስጥ ደበቀችው።

ዊልፍ ቸርኬውን አጥፎ በየደው። ቸርኬውን ከእምብርቱ ጋር ለሚያያይዙት ሽቦዎች የሚሆኑትን ስልሳ ቀዳዳዎች ሲያከፋፍል የወረቀት ጥብጣብ በቸርኬው ዙሪያ ጠቅልሎ፣ ወረቀቱን እያጣጠፈ ነበር፤ ለዚህ ቁጥር ስለማያስፈልግ ስህተቱን አላየውም። ምግብ ክፍሉም ጠባብ ነው፤ እዚያ ውስጥ ድመት እንኳ ከብት ታክላለች። ቸርኬው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሲቆም ዊልፍ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተራምዶ፣ የሻይ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና «እይው» አለ። «እይው እንጂ። ይህ ወንድ ነው።»

«አያለሁ፣» አለች ሞይራ።

በሦስተኛው ቀን በርናርድ መጣ። በርናርድ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ አፋቸውን ከፍተው መልስ መስጠት ለማይችሉ ሰዎች ሲናገር ስለኖረ፣ አሁንም ሰው ይመልስልኛል ብሎ አይጠብቅም።

«ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት» አለ ኮቱን ሳያወልቅ። «ሞይራ፣ ብስኩት አልፈልግም፤ እሺ አንድ። ዊልፍ፣ ትከሻህ እንዴት ነው? መልካም። እኔ እኮ ላስቸግርህ አልፈልግም፤ ግን ካልደረሰልህ አትጨነቅ። ከፊት ስሄድ ዘወር እያልኩ እጄን አውለበልብልሃለሁ።»

«ዘወር ካልክ ትወድቃለህ።»

«ቀበሮ ካልገባብኝ አልወድቅም» አለ በርናርድ፣ ሦስተኛ ብስኩት እያነሣ።

እሱ ሲሄድ ዊልፍ በሩን ዘግቶ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። «ይህ ሰው ከፊቴ ከሄደ» አለ ለበሩ፣ «ቅበሩኝ።»

ሞይራ ትሪውን እያነሣች «ለቀብሩ ኢንሹራንስ የለህም» አለችው። ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያውቅ እንዳለ ይተወው ይሆናል፤ አሁን ቢያውቅ ይቆርጠዋል። ሳያውቅ ቢወጣበትስ? ሳያውቅ ቢወጣበት በሕይወት ይኖራል፤ የሚያስፈልጋት ይኸው ነው። እንዲህ እያለች ራሷን አሳመነች፤ ሽቦዎቹ ከበርሚንግሃም እስኪመጡ ድረስ።

ሽቦዎቹን ያዘጋጀው ታሪቅ የሚባል ሽቦ ሠሪ ነው። ዊልፍ ልኩን በጥር ወር ጽፎ ልኮለት ነበር፤ ስልሳ ሽቦ፣ በአንድ በኩል ራስ፣ በሌላው በኩል ጥርስ። ራሱ ቸርኬው ላይ ይቀራል፤ ጥርስ ያለው ጫፍ እምብርቱ ላይ ያለው ሞዞ የሚሉት ብረት ውስጥ ይጠመዘዛል። ዊልፍ የመጀመሪያውን አስገብቶ ጠመዘዘ። ራሱ ከቸርኬው ውጭ ኢንች ተኩል ተንጠልጥሎ ቀረ። ሁለተኛውን አስገባ። ያው ነው። አሥራ ሁለት ካስገባ በኋላ ጎማው የተቆጣ ጃርት መሰለ።

ዊልፍ ሽቦ ለካ። ሞዞ ለካ። መነጽሩን ጠረገና እንደገና ለካ። ሁሉንም ለካ፤ ቸርኬውን ብቻ አልለካም፤ ቸርኬውን ራሱ ነዋ የለካው። ከዚያ ስልኩን አነሣ፤ ድምፁንም ለሞይራ እንዲሰማ ከፈተው፤ ሰው ሲሰድብ ምስክር ይወዳል።

«ታሪቅ፣ ይህ ሥራ ነው? ይህ ሥራ ነው ወይ?»

«ምን ሆነ ሚስተር ጋራት?»

«ኢንች ተኩል! ስልሳውንም! አንዱን ብትሳሳት ሰው ነህ እላለሁ፤ ስልሳውን መሳሳት ተንኮል ነው!»

«የጻፉልኝ ወረቀት እዚህ ፊቴ ተለጥፏል። በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ነው። እርስዎ የጻፉትን ነው የቆረጥኩት።»

«አባትህ ቢኖር እንዲህ አይሠራም ነበር!»

«አባቴ ቢኖር» አለ ታሪቅ ቀስ ብሎ፣ «ቸርኬዎን ይለኩ ይልዎት ነበር። እኔን ግን በአክብሮት ነው ያሳደገኝ፤ አልልም።»

ዊልፍ አፉን ለስድብ ሲከፍት ሞይራ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

«ታሪቅ፣ የኔ ልጅ፣ ሞይራ ነኝ። ሽቦህ ልክ ነው። ይቅርታ አድርግልን» ብላ ዘጋችው።

ዊልፍ ወደ እሷ ዞረ።

«ምን ማለትሽ ነው ልክ ነው?»

«አሥሩን አልደመርክም» አለችው። «ኮሪደሩ ላይ። እኔ አሥር ላይ ይዤ ነበር። አንተ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ተኩል ላይ ቆረጥክ።»

ዊልፍ ቸርኬውን አየ። አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ሲያሰላ ነው። ሲጨርስ ፊቱ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ የሁለቱ መሀል ላይ ቆመ።

«አውቀሽ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«እና ዝም አልሽ?»

«አታውሪ አልከኝ።»

«አርባ አንድ ዓመት!» አለ ዊልፍ፤ ድምፁ ተሰበረ። «አርባ አንድ ዓመት አታውሪ ስልሽ አንድ ቀን ሰምተሽኝ አታውቂም! እግር ኳስ ሳይ አውርተሻል! ጥርሴ ሲነቀል አውርተሻል! ቀዶ ጥገና ስገባ፣ ማደንዘዣ እየወሰደኝ፣ ስለ ጎረቤት አጥር አውርተሻል! የዚያን ቀን ነው የታዘዝሽው?»

«በእግዚአብሔር ስም አልከኝ።»

ዊልፍ የብረት መጋዙን ከግድግዳው ላይ አወረደ። «ቀላል ነው» አለ። «ብየዳውን እከፍታለሁ፣ አሥር ኢንች እቀጥላለሁ፣ ሁለት ቦታ እበይዳለሁ። ያዢልኝ።»

«አልይዝም።»

«ሞይራ፣ ቸርኬውን ያዢልኝ።»

«ሜትር ያዥ አልከኝ፣ ያዝኩ። መብራት ያዥ አልከኝ፣ ያዝኩ። የተሰበረ ትከሻህን ሦስት ወር አጥቤ አልብሼ ያዝኩ። ይሄን አልይዝም።»

ወጥታ ሄደች። እሱ የተገላገለ መስሎት መጋዙን ብየዳው ላይ ሲያስቀምጥ ተመልሳ መጣች፤ ክንዷ ላይ ሦስት ሱሪዎች ነበሩ። አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ወገባቸው እኩል፣ እግራቸው እንደ ደረጃ። የመጀመሪያው ለልጃቸው ሠርግ የለበሰው ነው። የመጨረሻው ያለፈው ክረምት።

ዊልፍ አያቸው። «ጨርቅ ይኮማተራል» አለ።

«ቢኮማተር አስረዝምልህ ነበር። እኔ ግን እየቆረጥኩ ነው።»

ይህን ማሰብ ነበረበት። አሰበ። «ሆዴ ነው» አለ። «ሆዴ ሲገፋ ሱሪው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድ መሬት ይነካል። እግሬ ምንም አልሆነም። የወፈርኩት እኔ ነኝ።» ሠላሳ ዓመት ወፈርክ ሲባል በሩን ሰብሮ የሚወጣው ሰው ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ለማስረጃ አቀረበው።

ሞይራ ሳቋ መጣ፤ ግን አልሳቀችም።

«ድልድዩ ሥር ነበርኩ ዊልፍ» አለችው። «የእግርህን ጣት አየሁት። ፔዳሉ ከታች ሲሆን እግርህ እንደ ሕፃን እግር አየር ላይ ይፈልጋል። አንዴ አገኘው። ሁለተኛ አገኘው። ሦስተኛ አጣው። ከዚያ አንተን አየሁህ፤ በአየር ላይ፣ ባርኔጣህን በእጅህ ይዘህ። ሻዩ ፈሰሰብኝ። እስክትንቀሳቀስ ድረስ ስንት እንደቆጠርኩ ታውቃለህ? አሥራ ዘጠኝ ቆጠርኩ። ያን ቸርኬ ከቆረጥክ አልከለክልህም፤ ያንተ ነው። ድልድዩ ሥር ግን ሌላ ሰው ፈልግ። እኔ ሁለተኛ አልቆጥርም።»

ዊልፍ ከሱሪዎቹ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«ቀበሮ አልነበረም እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው የጠየቀው።

«አልነበረም።»

«እርጉዟስ?»

«እርጉዟም አልነበረችም የኔ ጌታ።»

መጋዙን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ። ሞይራ በመስኮት አየችው፤ ዝናብ ውስጥ ቆሞ የጎረቤቱን አጥር ያያል። ሱሪዎቹን አጣጥፋ ድንች መላጥ ጀመረች። ድንቹ ግማሽ ሲደርስ በሩ ተከፈተ፤ ዊልፍ ጫማውን ሳይጠርግ ምንጣፉን እያጨቀየ ገባ። ከሽቦዎቹ አንዱን አንሥቶ ሞርሳው ላይ አሰረ። መጋዙን አነሣ። ሞይራ ቢላዋዋ በእጇ ቆመች።

ሽቦውን ቆረጠው። ኢንች ተኩል ከምናምን፤ ጥርስ ያለውን ጫፍ።

«የትኛውን ጫፍ ነው የምትይዢው?» አላት ሳያያት። «ስልሳ ናቸው። ዝም ብለሽ ልትቆሚ ነው?»

ስልሳውን መቁረጥና ስልሳው ላይ እንደገና ጥርስ ማውጣት ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዊልፍ በዘጠኙ ቀን ውስጥ ስለ ቁጥር አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ታሪቅን ይቅርታ ለመጠየቅ ደወለ፣ ጥርስ ማውጫው ላይ ዘይት ስለ ማንጠባጠብ ለአርባ ደቂቃ አወራውና ይቅርታውን ሳይጠይቅ ዘጋው። ከዚያ ማቅናቱ መጣ። ጎማው በማቆሚያው እግሮች መሀል ቆሞ ሲዞር እንዳይወላገድ እያንዳንዱ ሽቦ እኩል መወጠር አለበት፤ አንዱ ከጠበቀ ማዶ ያለው ይላላል። ዊልፍ በዓይኑ ይሠራል። ሞይራ ግን በጸሎት ቤቱ መዘምራን ውስጥ ሠላሳ ዓመት በወፍራም ድምፅ የዘመረች ሴት ናት፤ ሽቦውን በጥፍሯ ትመታና ጆሮዋን ትጥላለች።

«ይሄ ዝቅ ይላል።»

«ደህና ነው።»

«ዝቅ ይላል አልኩህ። እንደ ሚስስ ፖርተር ነው፤ መግቢያው ላይ ደህና፣ መሀል ላይ ይወርዳል።»

ዊልፍ ሩብ ዙር አጠበቀው። መታችው። «እ፣ አሁን ነፍሷን ይማር።»

«ሚስስ ፖርተር ሞታለች?»

«አልሞተችም። አሁንም ከጎኔ ነው የምትቆመው።»

በአራተኛው ቀን ከአንድ እስከ ስልሳ በማንኪያ ጀርባ ስትዳስሰው አንድ ድምፅ ብቻ ወጣ፤ ጎማውም ሲዞር የቆመ መሰለ። ዊልፍ እጁን ጭኑ ላይ ጠርጎ «እንግዲህ» አለ፤ ከዚያ ሌላ አላለም። ሹካውን በጎማው ልክ ቆርጦ ሠራ፤ ጎማውም ላስቲኩን ለበሰ። ጓሮ ውስጥ ሲሞክረው ሞይራ አጥሩን ይዛ አየች። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዙ አብሮት ወረደ፤ ጉልበቱ ትንሽ እንኳ ታጥፎ ቀረ። ቂጡ ኮርቻው ላይ እንደ ንጉሥ ተቀመጠ። ሞይራ አጥሩን ለቀቀችው።

የግንቦቱ ቅዳሜ ነፋሻ ነበር። ሃያ ሦስት ጋላቢዎች ጥቁር ባርኔጣቸውን አገጫቸው ሥር አስረው ብስክሌታቸው ላይ ወጥተው ቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሚስቶች በእጃቸው ኮት ይዘው ቆመዋል። የክበቡ ጸሐፊ ከታች እየተዘዋወረ ይጠራል፤ የተጠራው ይጮኻል።

«በርናርድ!»

«ሃምሳ ሁለት!»

«ሚስተር አልኮት!»

«አርባ ዘጠኝ» አለ አንድ ድምፅ፣ በትሕትና። ቄሱ ነው።

ሞይራ የኮቷን ቁልፍ ታሻሽ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ሳህኖቹ ሲንጫጩ ሰምታለች። ሃምሳ አንድ ብሎ ሲጮኽ ፊቱን ማየት አልፈለገችም፤ ሆኖም አለማየት ደግሞ ከዳተኛነት መሰላት። ቀና አለች።

«ዊልፍ ጋራት!»

ዊልፍ ደረቱን ነፋ።

«ሃምሳ አራት!» ብሎ ጮኸ።

እርግቦች ከማማው ላይ ተነሥተው በረሩ። የጋላቢዎቹ ሰልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንገቱን አዞረ። ዊልፍ ወደ ፊት ብቻ እያየ ነበር፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

በርናርድ አጥሩን እየተደገፈ ወደ እሱ ተጠጋ። ጎን ለጎን ሆኑ። በርናርድ ቆየና፣ «ዊልፍ» አለ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ባርኔጣህን ከላይ አይቼው አላውቅም ነበር። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ።»

«ቁመት ጨምረህ ነው።»

«በስድሳ ስምንት ዓመቴ?»

«አትክልት ትበላለህ መሰለኝ።»

አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ። በርናርድ ግን አልሳቀም። ከኮርቻው ወደ ታች ተጎንብሶ ሞይራን አያት፤ የጥርስ ሐኪም ዓይን ነው፣ የተበላሸውን ፈልጎ የሚያገኝ።

«ሞይራ» አላት። «አንቺ ቤት ነው የተሠራው። አንቺ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂ ሴት ነሽ፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እጠይቅሻለሁ። ይህ ጎማ ሃምሳ አራት ነው?»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ። ዊልፍ አሁን ዘወር ብሎ አያት፤ እንዲህ ዓይነት ዓይን ያየችበት ከማደንዘዣ ሲነቃ ብቻ ነው። እውነቱን ብትናገር ዊልፍ ከቄሱ አጠገብ ነው። ነገ ደግሞ የብረት መጋዙን ያወርዳል፤ በዚህ አልተጠራጠረችም።

ሞይራ ኮቱን ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«በርናርድ» አለች፣ በዚያ ሠላሳ ዓመት በዘመረችበት ወፍራም ድምፅ፣ «የሰው ባል የሚለካ ሰው መጀመሪያ የራሱን ያስለካል። ሜትሩ ቤት ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ አመጣዋለሁ። ውረድ።»

ሞይራ ጠበቀች። በርናርድ ጫማውን አየ፣ ፔዳሉን አየ፣ ጸሐፊውን አየ። ሃያ አንዱ ሌሎች ጋላቢዎችም በድንገት እያንዳንዳቸው የመሪያቸውን እጀታ፣ ደመናውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት መመርመር ጀመሩ። ከቄሱ በቀር ወደ ታች ለመውረድ የተንቀሳቀሰ አልነበረም፤ ቄሱንም ጎረቤቱ ክንዱን ይዞ አስቀረው።

«እንግዲህ» አለ በርናርድ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይመሻል።» ባርኔጣውን ትንሽ ከፍ አደረገ። «ቅደም፣ ዊልፍ።»

ዊልፍ አጥሩን ገፍቶ ወጣ። ጎማው አንድም ሳይወላገድ አስፋልቱ ላይ ዞረ። አለፋት፤ አላያትም፣ ሲያልፍ ግን የእጁን ሁለት ጣት ከመሪው ላይ አንሥቶ መለሰ። ከኋላው በርናርድ፣ ከበርናርድ ኋላ የቀሩት፣ ሁሉም እንደየተናገሩት፣ በነፋሱ እየተንገዳገዱ ወደ ገበያው መንገድ ታጠፉ። መኪናዎች ጡሩምባ ነፉ። ዊልፍ ለአንድ አውቶብስ «መንገድ ልቀቅ!» ሲል ከማዶ ተሰማ።

ሚስቶቹ ወደ አዳራሹ ለሻይ ገቡ። ሞይራ ልትከተላቸው ስትል የበርናርድ ሚስት ጁን ክንዷን ያዘቻት። ጁን ቀጭን፣ ጸጥተኛ ሴት ናት፤ በክበቡ ውስጥ ስትናገር የሰማት ሰው ጥቂት ነው።

«ስንት ኢንች አወረድሽለት?» አለቻት በሹክሹክታ።

ሞይራ ግራና ቀኝ አየች። «ሦስት።»

«ሙሉ ሦስት?»

«ትንሽ ያልፋል።»

ጁን ሰልፉ የጠፋበትን መታጠፊያ አየች። «የእኔው ሰውዬ ጫማው ሥር ሁለት ሶል አስደርቧል» አለች። «ባለፈው ሳምንት አንዱ ተገንጥሎ ፔዳሉ ላይ ቀረ። እኔን ዝናብ ነው አለኝ።» ከቦርሳዋ መሀረብ አውጥታ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ከዚያ ቦርሳዋን ጠቅ አድርጋ ዘጋች።

«ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ነሽ?»